ጦርነትና የአገር ስም

አንድ ጦርነት ባለቀ ጊዜ መንግሥታት ተቀምጠው የጉዳታቸውን ሒሳብ ይተሳሰባሉ። የሞተውና የቈሰለው ሰው ይቈጠራል፤ የፈረሰው ድልድይ፥ የተቃጠለው ቤት፥ የባከነው ገንዘብ በየዝርዝሩ ይጻፋል። ዳሩ ግን በዚህ መዝገብ ውስጥ የማይገባ፥ ዕድሜው ግን ከሁሉ የሚረዝም አንድ ነገር አለ። ይኸውም የአገሪቱ ስም ነው። የፈረሰ ድልድይ በሁለትና በሦስት ዓመት ሊሠራ ይችላል፤ የጐደፈ ስም ግን አንዳንድ ጊዜ በሁለት ትውልድም አይጠራም። አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ያሉት ስለ አንድ ሰው ቢሆንም ቅሉ፥ ቃሉ ለአገርም የሚስማማ ነው።

በዚህ ንግግር ጦርነት የአንድን አገር ስም በምን መንገድ እንደሚያነሣና በምን መንገድ እንደሚጥል፥ በታሪክ ከታወቁት ነገሮች ጥቂቱን እየጠቀስን ልናስረዳ እንወዳለን። ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድሞ፥ የአገር ስም ስንል ምን ማለታችን ነው? ስም ማለት ሌሎች ሕዝቦችና መንግሥታት በአንድ አገር ላይ ያላቸው እምነት ማለት ነው። መንግሥት ከመንግሥት ጋር ሲዋዋል፥ ባንክ ሲያበድር፥ ነጋዴ ዕቃውን በባሕር ሲልክ፥ ተማሪ በባዕድ አገር ትምህርት ቤት ደጅ ሲቆም፥ መንገደኛ በጠረፍ ላይ ፓስፖርቱን ሲያሳይ፥ ከሰውየው ፊት ቀድሞ የሚታየው የአገሩ ስም ነው። ስለዚህ ስም እንደ ሜዳይ በደረት ላይ የሚንጠለጠል ጌጥ ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ የሚመነዘር ሀብት ነው።

ብዙ ሰዎች በጦርነት ድል ያደረገ ስሙ ይከበራል፥ ድል የሆነ ስሙ ይዋረዳል ብለው ያስባሉ። ታሪክ ግን እንዲህ ብቻ አያስተምርም። ድል አድርገው ስማቸውን ያጡ መንግሥታት አሉ፤ ተሸንፈው፥ አገራቸውም ተይዞ፥ ስማቸውን ያተረፉም አሉ። የአገር ስም በጦርነት ጊዜ የሚመዘነው ይልቁንም በሦስት ነገር ነው። አንደኛው፥ ወደ ጦርነቱ እንዴት እንደ ገባ ነው። ሁለተኛው፥ በጦርነቱ ውስጥ እንዴት እንደ ተዋጋ ነው። ሦስተኛው፥ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ስለ ሠራው ሥራ እውነቱን መናገሩ ወይም መደበቁ ነው። እያንዳንዱን በየተራው እንመልከት።

የአንደኛው ምሳሌ በ1914 በአውሮፓ የተነሣው ጦርነት ነው። ቤልጅግ ትንሽ አገር ናት። በ1839 በሎንዶን በተፈረመ ውል ታላላቆቹ መንግሥታት፥ ከእነርሱም አንዷ ፕሩስያ፥ ይህች አገር ገለልተኛ ሆና እንድትኖር ዋስ ሆነውላት ነበር። የጀርመን መንግሥት የተመሠረተው በፕሩስያ መሪነት ስለ ሆነ፥ የዋስትናው ዕዳ ወደ እርሱ ተላልፎ ነበር። ሆኖም በኦገስት 2 ቀን 1914 ጀርመን ወደ ፈረንሳይ የምትዘምትበትን መንገድ እንድትለቅላት ቤልጅግን ጠየቀች፤ መልሱንም በ12 ሰዓት ውስጥ እንድትሰጥ ወሰነችባት። የቤልጅግ መንግሥት እምቢ አለ። በኦገስት 4 ቀን የጀርመን ጦር ወሰኑን ጥሶ ገባ።

በዚያው ቀን የጀርመን ጠቅላይ ሚኒስትር ቤትማን ሆልቬግ በምክር ቤታቸው ፊት ቆመው፥ ይህ ሥራ የመንግሥታትን ሕግ የሚጥስ መሆኑን፥ በደሉም ወደ ፊት የሚካስ መሆኑን ተናገሩ። ማታውኑ ግን ከእንግሊዝ አምባሳደር ጋር ሲነጋገሩ፥ እንግሊዝ ስለ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ብላ ልትዋጋ መነሣቷ እንዳስገረማቸው ገለጹ። ይህች አነጋገር በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ታተመች፤ በየግድግዳው ላይ ተለጠፈች። የጀርመን ሕዝብ በትምህርቱ፥ በሙዚቃው፥ በእጅ ሥራው በዓለም የተመሰገነ ሕዝብ ነበር። ነገር ግን ውልን «ቁራጭ ወረቀት» ያለ መንግሥት ከዚያ በኋላ የሚፈርመውን ወረቀት ማን ያምንለታል? ጦሩ በዚያው ወር በሉቨን ከተማ የነበረውን የታወቀ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በብዙ መቶ ሺህ ከሚቈጠሩ መጻሕፍቱ ጋር ባቃጠለ ጊዜ ደግሞ፥ የሊቃውንት አገር የተባለችው ጀርመን የመጻሕፍት ጠላት ተብላ ተሰደበች። በሜይ 7 ቀን 1915 ሉሲታንያ የተባለችው የመንገደኞች መርከብ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ 1,198 ሰዎች ሲያልቁ፥ እስከዚያ ድረስ በጦርነቱ ውስጥ ያልገባችው የአሜሪካ ሕዝብ ልብ ከጀርመን ራቀ። አሜሪካ በ1917 ወደ ጦርነቱ የገባችበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም፥ ስሙን ያጣ መንግሥት በዚያ አገር የሚሟገትለት ሰው እያነሰው ሄዶ ነበር።

የቤልጅግስ ስም እንዴት ሆነ? ከጥቂት ዓመታት በፊት የቤልጅግ ስም በዓለም ላይ በክፉ የሚነሣ ስም ነበር። ንጉሡ ዳግማዊ ሌዎፖልድ በኮንጎ ሕዝብ ላይ በጐማ ስብሰባ ምክንያት ያደረሱት ግፍ፥ የተቈረጡት እጆች ፎቶግራፍ ሳይቀር፥ ለዓለም ተገልጦ ስለ ነበር፥ በ1908 ግዛቱን ለቤልጅግ መንግሥት ለማስረከብ ተገደዱ። ዳሩ ግን በ1914 ያችው ቤልጅግ ቃሏን ጠብቃ ከእርሷ እጅግ የሚበልጠውን ጦር በተቋቋመች ጊዜ፥ ዓለም ትንሿ ጀግና አገር ብሎ ጠራት። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ ቃልን መጠበቅ ግዛቱን ላጣ መንግሥት እንኳ ስም ያተርፍለታል። ሁለተኛ፥ ስም ሁልጊዜ ትክክለኛ ሚዛን አይደለም፤ የኮንጎ ሰው የተቈረጠ እጅ አዲሱ ዝና ስለ መጣ አልተመለሰለትም። ስለዚህ በስም የምንደሰት ሁሉ ከስሙ ሥር ያለውን እውነት መመርመር አለብን።

ሌላም ነገር አለ። በዚያ ጦርነት ጊዜ የጀርመን ወታደሮች በቤልጅግ በሺህ የሚቈጠሩ ሲቪሎችን መግደላቸው የተረጋገጠ ነው። ይሁን እንጂ የጀርመን ጠላቶች በዚህ እውነት አልበቃ ብሏቸው፥ ያልተደረገውን ሁሉ ፈጥረው ጻፉ። ጦርነቱ አልቆ ፈጠራው በተገለጠ ጊዜ የዓለም ሕዝብ ተቈጣ። ከ20 ዓመት በኋላም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች አይሁድን በጅምላ መፍጀታቸው ሲነገር፥ ብዙዎች «ይህም እንደ ያኔው ወሬ ነው» ብለው ለማመን ዘገዩ። በሐሰት የጠላትን ስም ማጥፋት ለጊዜው የሚጠቅም ይመስላል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ወደ ፊት እውነተኛ ጩኸት የሚጮኸው ምስኪን ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው፥ ይኸውም ወደ አዋጋጉ እንለፍ። ለዚህ ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ አንሄድም። ኢትዮጵያ በ1923 የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ ኢጣልያም በማኅበሩ ውስጥ ነበረች። በ1928 ሁለቱ አገሮች ለ20 ዓመት የሚጸና የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ኢጣልያ ከዚህም ሌላ በ1925 በጄኔቭ የተደረገውን፥ የመርዝ ጢስን በጦርነት የሚከለክለውን ስምምነት አጽድቃ ነበር። ይህ ሁሉ ፊርማ ሳይደርቅ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ያለ ጦርነት አዋጅ የመረብን ወንዝ ተሻገረ።

የፋሽስት መንግሥት ጋዜጦችና ራዲዮ ለዓለም የሚነግሩት ሥልጣኔን ይዘን ሄድን፥ ባሪያን ነጻ ልናወጣ ነው እያሉ ነበር። ነገር ግን ቃልና ሥራ ተለያዩ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ከአይሮፕላን የሚወርደው የመርዝ ጢስ በተከዜ አካባቢና በሌላም ግንባር ወታደሩን፥ ገበሬውን፥ ከብቱን፥ ውሃውን ሳይለይ ይፈጅ ጀመር። በዲሴምበር 30 ቀን 1935 በመልካ ዲዳ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሐኪም ቤት በቦምብ ተመታ። ኢጣልያ ለዚህ ያቀረበችው ምክንያት በኢትዮጵያውያን እጅ የወደቀ አንድ የአይሮፕላን ነጂ ተገድሏል የሚል ነበር። አንባቢያን ይህን ነገር በጥንቃቄ ይመልከቱት። የአንድ ምርኮኛ መገደል ሐኪም ቤት ለመደብደብ ፈጽሞ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ሆኖም በምርኮኛ ላይ የሚደረግ አንድ ስሕተት እንኳ ለጠላት የመናገሪያ አፍ እንደሚሰጠው ያስተምራል።

ሥራው ግን ተደብቆ አልቀረም። በየግንባሩ የነበሩት የውጭ አገር ሐኪሞች የቈሰለውን ቈዳና የታወረውን ዐይን አይተው መሰከሩ፤ የዓለም ቀይ መስቀል ኮሚቴ መልእክተኛ የነበሩት ስዊዛዊው ሐኪም ማርሴል ዡኖ በቆረም ያዩትን በኋላ በመጽሐፋቸው ጽፈዋል። በጁን 30 ቀን 1936 ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ ጉባኤ ላይ ቆመው በአማርኛ መናገር ሲጀምሩ፥ ከበላይ የተቀመጡት የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት አወኩ፤ ፖሊስም አስወጣቸው። ያን ጊዜ ኢጣልያ አዲስ አበባን ይዛ፥ ግዛቷን አውጃ፥ በሮማ ደስታ ታደርግ ነበር። በዓለም ዐይን ግን የታየው ፉጨቱና የአንድ ስደተኛ ንጉሥ ጸጥታ ነው። ድል አድራጊው አገር ያዘ፤ አገር የተወሰደበት ስሙን ያዘ።

በዚህ ታሪክ ስማቸውን ያጡት ተዋጊዎች ብቻ አልነበሩም። የማኅበሩ 50 አባሎች ኢጣልያ ቃል ኪዳኑን ማፍረሷን መስክረው የንግድ ቅጣት ለመጣል ተስማሙ፤ ነገር ግን ጦሩን የሚያንቀሳቅሰው ዘይት ከቅጣቱ ውስጥ አልገባም፤ የስዌዝ ቦይም ለኢጣልያ መርከቦች ክፍት ሆኖ ቀረ። በዲሴምበር 1935 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ሚኒስትሮች ሆርና ላቫል ከኢትዮጵያ ሰፊ ክፍል ተቈርሶ ለኢጣልያ እንዲሰጥ በምስጢር ያወጡት ዕቅድ በጋዜጣ በተገለጠ ጊዜ፥ የእንግሊዝ ሕዝብ ራሱ ተቈጥቶ ሆር ሥልጣናቸውን ለመልቀቅ ተገደዱ። በጁላይ 1936 ቅጣቱ ተነሣ። ከዚያ በኋላ በማኅበሩ ላይ የሚተማመን ትንሽ መንግሥት አልተገኘም፤ ማኅበሩም ለይስሙላ ቈይቶ በ1946 ፈረሰ።

በአንጻሩ ሜክሲኮ የኢጣልያን ወረራ አልቀበልም ብላ እስከ መጨረሻ ጸናች። ሜክሲኮ ሩቅ አገር ናት፤ በዚህ ነገር የምታገኘው ጥቅም አልነበራትም። ነገር ግን በአዲስ አበባ ጧት ጧት ወደ ቢሮአችሁ ስትሄዱ በአውቶቡስና በባቡር የምታልፉበት አደባባይ በስሟ ይጠራል፤ በሜክሲኮ ከተማም ኢትዮጵያ የሚባል አደባባይና የባቡር ጣቢያ አለ። አንድ ቀን በትክክል የተሰጠ ድምፅ ከብዙ ዓመት በኋላ የሁለት ሕዝቦች ወዳጅነት ሆኖ ይኖራል።

ሦስተኛው ነገር፥ ይኸውም ከጦርነት በኋላ የሚነገረው ቃል፥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። በ1947 በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል፥ የዘረፈችውንም ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ተወስኖ ነበር። የአክሱም ሐውልት ግን ወደ አገሩ የገባው በ2005 ነው። በ18 ወሩ ውስጥ ተመልሶ ቢሆን የመልካም ልብ ምስክር ይሆን ነበር፤ ከ50 ዓመት ክርክር በኋላ ሲመለስ ግን ደስታው ከቅሬታ ጋር ተደባልቆ መጣ። የመርዝ ጢሱም ነገር እንዲሁ ነው። በኢጣልያ ብዙ ሰዎች፥ ከእነርሱም ውስጥ የታወቁ ጋዜጠኞች፥ እንዲህ ያለ ነገር አልተደረገም ብለው ለብዙ ዓመታት ይክዱ ነበር። አንጄሎ ዴል ቦካን የመሳሰሉ ኢጣልያውያን የታሪክ ጸሐፊዎች ግን መዝገቡን መረመሩ፤ ሙሶሊኒ ራሱ ጢሱ እንዲጣል የፈቀደባቸው ቴሌግራሞች ከገዛ መንግሥቱ መዝገብ ቤት ወጡ። በ1996 የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር እውነቱን አመነ። 60 ዓመት መሆኑ ነው። ከዚህም በኋላ በ2012 በአፊሌ ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሲቆም ኢትዮጵያውያንና ብዙ ኢጣልያውያን ጭምር ተቈጡ። ያልተናዘዙት ነገር በየጊዜው እየተነሣ የልጅ ልጅን ያሳፍራል።

ከዚህ ጋር የጀርመንን ነገር ማስተያየት ይገባል። በ1945 ከጀርመን ስም ይልቅ የተጠላ ስም በዓለም ላይ አልነበረም፤ መጠላቱም የሚገባ ነበር። ነገር ግን የምዕራብ ጀርመን መንግሥት በ1952 ለእስራኤል 3 ቢሊዮን ማርክ ካሣ ለመክፈል ተዋዋለ። በዲሴምበር 7 ቀን 1970 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቪሊ ብራንት በዋርሶ ከተማ በአይሁድ መታሰቢያ ፊት ማንም ሳያዛቸው ተንበረከኩ። ብራንት ራሳቸው ናዚዎችን ሸሽተው የተሰደዱ ሰው ስለ ነበሩ በግላቸው የሚጸጸቱበት ወንጀል አልነበረባቸውም፤ የተንበረከኩት ስለ አገራቸው ነው። በዘመኑ ከአገራቸው ሰዎች ብዙዎቹ ይህን ሥራ አልወደዱላቸውም። ይሁን እንጂ በ1990 ሁለቱ ጀርመኖች አንድ ለመሆን የአራቱን ድል አድራጊ መንግሥታት ፈቃድ በጠየቁ ጊዜ፥ ጐረቤቶቻቸው እየፈሩም ቢሆን ሊያምኗቸው የቻሉት በእነዚያ ዓመታት በተከማቸው እምነት ነው። ይህም ሆኖ በናሚቢያ በ1904 እና በ1908 መካከል በሄሬሮና በናማ ሕዝቦች ላይ የተፈጸመውን እልቂት ጀርመን በስሙ የጠራችው ገና በ2021 ነው። እውነትን ለአንዱ ተናግሮ ለሌላው ማዘግየት የተሠራውን ስም ምሉእ አያደርገውም።

እነዚህ ነገሮች ለእኛ የሌላ ሰው ታሪክ ብቻ አይደሉም። በ1951 ወደ ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ጦር ከ120 በላይ ሰዎቹን ሰውቶ፥ አንድም ምርኮኛ ሳይሰጥ ተመለሰ፤ የኮርያም ሕዝብ በቹንቾን ከተማ የመታሰቢያ አዳራሽ ሠርቶ እስከ ዛሬ ያስበዋል። በሌላ በኩል ደግሞ በኖቬምበር 2020 በሰሜን አገራችን የተነሣው፥ በኖቬምበር 2022 በፕሪቶርያ በተፈረመው ስምምነት የቆመው ጦርነት ስም ምን ያህል ከእንጀራ ጋር እንደ ተያያዘ አሳይቶናል። አሜሪካ በጦርነቱ ውስጥ ተፈጸመ ያለችውን የሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት አድርጋ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል አስወጣች። መንግሥታችን ውሳኔው ትክክል አይደለም ብሎ ተቃወመ። የፍርዱን ነገር ለጊዜው ትተን ውጤቱን ብቻ ብናይ፥ በሐዋሳ ፋብሪካ ልብስ የምትሰፋ ሴት ጦር ሜዳ ሳትሄድ የጦርነቱ ዕዳ ወደ ስፌት መኪናዋ መጣባት።

ይህን የምታነቡ የመንግሥት ሠራተኞች ምናልባት «ይህ የመሪዎችና የጄኔራሎች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን የአገር ስም በትልቅ ጉባኤ ላይ ቢነገርም የሚሠራው በትንንሽ ጠረጴዛ ላይ ነው። የ1949 የጄኔቭ ስምምነቶች ምርኮኛ ሁሉ እንዲመዘገብና ወሬው ለወገኖቹ እንዲደርስ ያዝዛሉ፤ ይህን መዝገብ የሚጽፈው ጸሐፊ ነው። የእርዳታ እህል የጫነ መኪና የሚያልፍበትን ፈቃድ የሚፈርመው አንድ ሹም ነው። ለጋዜጣ የሚሰጠውን መግለጫ የሚያረቀው፥ ያልተጣራውን «ገና አልተጣራም» ብሎ ለመጻፍ የሚደፍረው ወይም የሚፈራው፥ እንደ እናንተ ያለ ሠራተኛ ነው። ቴሌግራሙን በፋይሉ አኑሮ የሚጠብቅም እርሱ ነው።

በኢጣልያ መዝገብ ቤት ያንን ቴሌግራም በቍጥሩ ያስቀመጠውን ሰው ስሙን የሚያውቅ የለም። ወረቀቱ ግን ተጠብቆ ስለ ተገኘ፥ በመርዝ ጢስ ያለቁት ሰዎች ልጆች «አባቶቻችሁ ዋሽተዋል» ከመባል ዳኑ፤ የኢጣልያም ልጆች እውነቱን ለማወቅ ቻሉ። እንግዲህ በጦርነት ጊዜ ለአገር ስም መቈርቈር ማለት ጥፋትን መሸፈን ማለት አይደለም። ጥፋት እንዳይደረግ ሕጉን ማስከበር፥ ከተደረገም ሌላው ሳይናገረው ቀድሞ መናገር፥ የበደለውን መጠየቅ፥ የተበደለውን መካስ ማለት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ንጋቱ ሲመጣ በእጃችን ያለፈው ወረቀት ምን ተብሎ እንደሚነበብ ዛሬ በጠረጴዛችን ላይ ሳለ እናስብ።